ዕዳው የማን ነው? ከጊጊሪ የሚነሱ ሁለት የካሳ ክርክሮች

መጋቢት 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ናይሮቢ፣ ጊጊሪ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግቢ ሰንደቅ ዓላማዎች ዝቅ ብለው ተውለበለቡ። ዕለቱ አራተኛው የተመድ የአካባቢ ጥበቃ ጉባኤ የሚከፈትበት ነበር። ልዑካኑ ስብሰባቸውን የጀመሩት በኅሊና ጸሎት ነው፤ ወደዚሁ ጉባኤ ሲጓዙ ከነበሩት መካከል የተወሰኑት ሳይደርሱ ቀርተዋልና። ባለፈው ቀን፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ላይ ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከስድስት ደቂቃ ገደማ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። ከሟቾቹ 32ቱ ኬንያውያን ነበሩ። የተመድ ሠራተኞች ብቻ ከ20 አያንሱም።

ለቅሶው ገና ሳይነሳ አንድ ጥያቄ አብሮ ተነሳ። ለዚህ ሁሉ ሰው ሞት በሕግ የሚጠየቀው ማን ነው? ትኬቱን የሸጠው አየር መንገድ ነው? መሪውን የያዙት አብራሪዎች? አውሮፕላኑን የሠራው ቦይንግ? የተሳሳተ መረጃ ያቀበለውን መሣሪያ ያመረተው ድርጅት? ወይስ «ይብረር» ብሎ ፈቃድ የሰጠው የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን?

ብዙ ሰው «ይጠየቅ» ሲባል የሚታየው ወኅኒ ቤት ነው። የፍትሐ ብሔር ችሎት ግን ሰው አያስርም፤ የሚወስነው ጉዳቱን ማን እንደሚሸከም ነው። የማስረጃው ሚዛንም ይለያል። በወንጀል ዐቃቤ ሕግ ጥርጣሬ በማያስቀር ሁኔታ ማስረዳት ሲኖርበት፣ በፍትሐ ብሔር ግን የከሳሽ ማስረጃ ከተከሳሹ በልጦ ሚዛን ከደፋ ይበቃል። በዚህ ልዩነት የተነሳ አንድ ድርጊት በአንዱ ችሎት ነጻ ሊያስወጣ፣ በሌላው ብዙ ሚሊዮን ሊያስከፍል ይችላል። በቦይንግ ጉዳይ የሆነውም ይኸው ነው። የኩባንያው የቀድሞ ዋና የቴክኒክ አብራሪ በወንጀል ተከሶ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ቴክሳስ ውስጥ በነጻ ተሰናብቷል። በኩባንያው ላይ የነበረውን የወንጀል ክስም ዳኛው በአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጥያቄ መሠረት እ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 2025 ዘግተውታል። ከስድስት ቀን በኋላ ግን ቺካጎ ላይ የተሰየሙ ጁሪዎች፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች፣ ይኸው ኩባንያ ለአንድ ሟች ቤተሰብ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰኑ።

የካሳ ክርክር መዝገቡ ቢወፍርም ዳኛው በልቡ የሚይዛቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ተከሳሹ ለተጎጂው የመጠንቀቅ ግዴታ ነበረበት? ግዴታውን ጥሷል? ጉዳቱ የደረሰው በዚያ ምክንያት ነው? በገንዘብ ሲተመንስ ስንት ይሆናል? ፍሬኑ የማይዝ ሚኒባስ መገናኛ ላይ አንዲት የጉሊት ነጋዴን ገጨ እንበል። ሾፌሩ ፍሬኑ እንደማይዝ እያወቀ ነድቷል? ባለቤቱ ጋራዥ አስገባው ሲባል ችላ ብሏል? ትናንት የጠገነው መካኒክስ? ተጎጂዋ ሆስፒታል ተኝታ ይህን ሁሉ ፈትታ ታስረዳ ቢባል ካሳ የሚያገኝ ሰው ባልኖረ ነበር። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን አስቀድሞ አይቶታል። ከውል ውጭ ለሚመጣ ኃላፊነት ሦስት በር ከፍቷል፦ አንዱ የራስ ጥፋት ነው፤ ሁለተኛው ጥፋት ባይኖርም አደገኛ ነገር በመያዝ ወይም በመሥራት የሚመጣ ነው፤ ሦስተኛው አባት ለልጁ፣ አሠሪ ለሠራተኛው እንደሚጠየቀው በሕግ ለሌላ ሰው ድርጊት መጠየቅ ነው። በቁጥር 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት «እኔ ምንም አላጠፋሁም» ብሎ አያመልጥም። ለነጋዴዋ መክፈል ያለበት እሱ ነው፤ ከሾፌሩም ይሁን ከመካኒኩ ጋር የሚተሳሰበው ኋላ ለብቻው ነው። ተጎጂን ከማስረዳት ሸክም የሚያወጣው ይህ አሠራር በሕጉ ውስጥ ካሉት ሰብአዊ ድንጋጌዎች አንዱ ነው።

የአየር ትራንስፖርት ሕግም የተሠራው በተመሳሳይ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት እንደሚለው ዓለም አቀፍ መንገደኛ በአደጋ ሲሞት አየር መንገዱ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ጥፋት ይኑርበት አይኑርበት ሳይጠየቅ ይከፍላል። አደጋው በደረሰበት ጊዜ ጣሪያው 113,100 የዓለም ገንዘብ ድርጅት የሂሳብ መለኪያ ነበር፤ በዶላር ከ150 ሺህ በላይ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ላለው ጥያቄ አየር መንገዱ ቸልተኛ እንዳልነበር፣ ወይም አደጋው በሌላ ወገን ብቻ እንደመጣ ካስረዳ ከኃላፊነት ይወጣል። የማስረዳቱ ሸክም ያለው በአየር መንገዱ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ያም ሆኖ የሟች ቤተሰቦች ጠበቆች ዓይናቸውን ከአየር መንገዱ አንስተው ወደ ሠሪው አዞሩ።

ለዚህም በቂ ምክንያት ነበራቸው። የኢትዮጵያ የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 4 ቀን 2019 ያወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ነገሩን ከስሩ ያሳያል። አውሮፕላኑ መሬት እንደለቀቀ በግራ በኩል ያለው፣ የአፍንጫውን ከፍታ ከንፋሱ አንጻር የሚለካው መሣሪያ 74.5 ዲግሪ አነበበ። በቀኝ ያለው መንትያው ግን 15.3 ዲግሪ ነበር ያነበበው። ኤምካስ የተባለው አውቶማቲክ ሥርዓት የሚያምነው አንደኛውን መሣሪያ ብቻ ነበር፤ በዚያ ቀን የተሳሳተውን አመነ። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሊቆም ነው ብሎ አፍንጫውን ወደ ምድር ገፋ። አብራሪዎቹ መልሰው ሲያቀኑት እንደገና ገፋ። በመመሪያው እንደተጻፈው የኤሌክትሪክ ማስተካከያውን አጠፉት፤ በእጅ የሚዞረው ጎማ ግን በዚያ ፍጥነት አልታዘዝ አላቸው። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይህ ሁለተኛው አደጋ ነበር። ጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ውስጥ በወደቀው ተመሳሳይ የላየን ኤር አውሮፕላን 189 ሰዎች አልቀዋል። ቦይንግ ከዚያ በኋላ ለአብራሪዎች የማሳሰቢያ ጽሑፍ በተነ እንጂ አውሮፕላኖቹን ከሰማይ አላወረደም።

ለፍትሐ ብሔር ዳኛ የመጀመሪያው አደጋ ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ ሰው ያልገመተው አደጋ ሲደርስበት «እንዴት ላውቅ እችል ነበር?» ሊል ይችላል። የመጀመሪያው 189 ሰው ከሞተ በኋላ ግን ይህ መከላከያ ሰፊ ቀዳዳ አለው።

የአደጋ መርማሪና ዳኛ አንድ ሥራ የሚሠሩ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ሕግ የአደጋ ምርመራ ዓላማው ሌላ አደጋ መከላከል ብቻ እንጂ ጥፋተኛ ወይም ኃላፊ መለየት እንዳልሆነ በግልጽ አስቀምጧል። በኢትዮጵያው የመጨረሻ ሪፖርት ላይ የተነሳው ክርክር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሪፖርቱ በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድና የፈረንሳዩ የምርመራ ቢሮ የአብራሪዎቹ አሠራር በበቂ አልታየም ብለው የተቃውሞ አስተያየታቸውን በይፋ አወጡ። የኤምካስን ድርሻ አልካዱም፤ አሜሪካውያኑ ግን መሣሪያው የተበላሸው ከውጭ በመጣ ነገር፣ ምናልባትም በወፍ ተመትቶ ነው አሉ። የኢትዮጵያው ቢሮ ደግሞ ችግሩ ከአውሮፕላኑ አመራረት የመጣ የኤሌክትሪክ ብልሽት ነው አለ። ይህ ክርክር በምርመራው ዓለም እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

በችሎቱ ግን ተቋጭቷል። አስገራሚው ነገር የተቋጨው ከሪፖርቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ክሶቹ የቀረቡት ቺካጎ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነበር፤ የቦይንግ ዋና መሥሪያ ቤት በዚያን ጊዜ እዚያው ነበርና። የትም ቢከሰስ አንድ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። አሜሪካ ውስጥ ጁሪ አለ፤ የካሳው መጠንም ከብዙ አገሮች የሰፋ ነው። ስለዚህ ትልልቅ ኩባንያዎች የመጀመሪያ መከላከያቸው አብዛኛውን ጊዜ «ጉዳዩ አደጋው በደረሰበት አገር ይታይ» የሚል ነው። ይህ ተቀባይነት ቢያገኝ ኬንያዊውም ኢትዮጵያዊውም ከሳሽ ወደየአገሩ ፍርድ ቤት ይመለስ ነበር። ብዙ የካሳ ክሶች ስለ ጥፋቱ አንድ ቃል ሳይነሳ የሚሞቱት እዚህ ደረጃ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 10 ቀን 2021 ሁለቱ ወገኖች ለዳኛ ሆርሄ አሎንሶ የስምምነት ሰነድ አቀረቡ። ቦይንግ የሠራው አውሮፕላን ደኅንነቱ ያልተጠበቀ እንደነበር፣ ይህም ለጉዳቱ ምክንያት እንደሆነ አመነ። ካሳውን ብቻውን ለመሸከምም ተስማማ። አየር መንገዱንና አብራሪዎቹን ጥፋተኛ ናቸው ብሎ በመከራከሪያነት አያነሳም። የሟች ቤተሰቦች የትኛውም አገር ቢሆኑ ጉዳያቸው እዚያው ቺካጎ በኢሊኖይ ሕግ ይታያል። በምላሹ ቤተሰቦቹ የቅጣት ካሳ መጠየቃቸውን ተዉ። የቅጣት ካሳ ማለት ከጉዳቱ ልክ በላይ፣ አጥፊውን ለመገሠጽ የሚጣል ክፍያ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ይህ ሰነድ ከገንዘቡ በላይ ነው። አደጋው በደረሰ ሰሞን «የአፍሪካ አብራሪዎች ሥልጠና» እያሉ ጣታቸውን ወደ አዲስ አበባ የቀሰሩ ጥቂቶች አልነበሩም። ኃላፊነቱን ሠሪው ራሱ፣ በፍርድ ቤት፣ በፊርማው ወሰደ። ያም ሆኖ ስምምነቱ ያስከፈለው ዋጋ አለ። ኃላፊነት ከታመነ በኋላ በችሎቱ ፊት የሚቀረው ጥያቄ «ስንት?» ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጆቹ ምን ያውቁ ነበር፣ መቼ አወቁ፣ ለምን አንዱን መሣሪያ ብቻ አመኑ የሚለው ሁሉ ለጁሪው አይቀርብም። ከቤተሰቦቹ መካከል ከገንዘቡ ይልቅ ይህንኑ መስማት የሚፈልጉ ነበሩ፤ እነሱ የፈለጉትን የፍትሐ ብሔር ችሎት አልሰጣቸውም። ተከሳሹ ካመነ ዳኛ ማስረጃ የሚሰማበት ምክንያት አይኖረውም።

«ስንት?» የሚለውም ቀላል አልሆነም። ቦይንግ መንገደኞቹ የሞቱት አውሮፕላኑ መሬት ሲመታ በቅጽበት ስለሆነ ከዚያ በፊት ለተሰማቸው ፍርሃት የኢሊኖይ ሕግ ካሳ አይፈቅድም ሲል ተከራከረ። ዳኛ አሎንሶ እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን አልተቀበሉም፤ መንገደኞቹ ሊወድቁ እንደሆነ ያወቁባቸውን ደቂቃዎች ጁሪው ሊመዝን ይችላል አሉ። በስድስቱ ደቂቃ ውስጥ ሰው ሕይወቱን ሙሉ ሊያስብ ይችላል፤ ሕግ ይህን እንደ ጉዳት መቁጠሩ ተገቢ ነው። አብዛኞቹ ክሶች ችሎት ሳይቀርቡ በስምምነት አልቀዋል። በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ጁሪ ፊት የቀረበው ወደ ጊጊሪው ጉባኤ ትጓዝ የነበረች የአንዲት የተመድ ባለሙያ ጉዳይ ነበር። ወለዱ ሲታከል ቤተሰቧ የሚያገኘው 35.85 ሚሊዮን ዶላር ሆነ።

ከተመድ ግቢ ፊት ለፊት፣ በዚያው በተባበሩት መንግሥታት ጎዳና ላይ የአሜሪካ ኤምባሲ አለ። እሱም ጊጊሪ የመጣው በሌላ እልቂት ምክንያት ነው። የቀድሞው ኤምባሲ በናይሮቢ መሀል፣ የኃይለ ሥላሴ ጎዳናና የሞይ ጎዳና የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1998 ዓርብ ረፋድ ላይ አል ቃይዳ በጭነት መኪና ያመጣው ቦምብ ፈነዳ። 213 ሰው ሞተ፤ ከነዚህ አሜሪካውያን 12 ነበሩ። የቀሩት ከሞላ ጎደል ኬንያውያን ናቸው፦ የኤምባሲው ሠራተኞች፣ አጠገቡ በተደረመሰው የኡፉንዲ ሕንፃ የነበሩ፣ በመንገዱ የሚያልፉ።

እዚህ ላይ ኃላፊን የመለየት ጥያቄ ሌላ መልክ ያዘ። በሺህ የሚቆጠሩ ኬንያውያን ተጎጂዎች የአሜሪካን መንግሥት ራሱን ዋሽንግተን ላይ ከሰሱ። ክርክራቸው ከባድ ነበር። አምባሳደር ፕሩደንስ ቡሽኔል ኤምባሲው ለመንገዱ እጅግ የቀረበ፣ ለጥቃት የተጋለጠ መሆኑን ከፍንዳታው በፊት ለመሥሪያ ቤታቸው ደጋግመው አሳስበዋል። አደጋው ታውቋል፣ ጥንቃቄ አልተደረገም፣ ሰው ሞቷል፤ ሦስቱ ጥያቄዎች የተመለሱ ይመስላል። ፍርድ ቤቱ ግን ወደ እነዚህ ጥያቄዎች አልደረሰም። የአሜሪካ ሕግ መንግሥት በፖሊሲ ምርጫው፣ ለምሳሌ ውስን በጀቱን ለየትኛው ኤምባሲ ጥበቃ እንደሚያውል በወሰነው ውሳኔ፣ በካሳ እንዲከሰስ አይፈቅድም። በር ላይ የነበሩት ጠባቂዎችም የኮንትራክተር ሠራተኞች ነበሩ። ክሱ እ.ኤ.አ. በ2002 ውድቅ ሆነ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2003 አጸናው። አንድ ተከሳሽ ጥፋት ቢኖርበት እንኳ ሕግ ከክስ የከለለው ከሆነ ዳኛው የጥፋቱን ማስረጃ ጨርሶ አይከፍትም።

ሌላው መንገድ ቦምቡን ያፈነዱትን የረዱ መንግሥታትን መክሰስ ነበር። ሱዳንና ኢራን ተከሰሱ። መንግሥታቱ ችሎት ባይቀርቡም ዳኛው ዝም ብሎ አይፈርድባቸውም፤ የአሜሪካ ሕግ በሌለበት የሚከሰስ መንግሥት ላይ እንኳ አጥጋቢ ማስረጃ እንዲሰማ ያዛል። ዳኛ ጆን ቤትስ ማስረጃ ሰምተው እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለቱንም ኃላፊ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተወሰነው ካሳ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 4.3 ቢሊዮን ገደማው የቅጣት ካሳ ነበር። ሱዳን ጠበቃ አቁማ ይግባኝ ስትከራከር ቆየች፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ግንቦት 18 ቀን 2020 የቅጣት ካሳው ለቀድሞ ድርጊትም ሊጣል እንደሚችል ወሰነ። መጨረሻው ግን በመንግሥታት ድርድር ሆነ፤ ሱዳን 335 ሚሊዮን ዶላር ከፍላ በእሷ ላይ የነበረው ጉዳይ ተዘጋ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያሳዝነው ይህ ነው። የውጭ መንግሥትን በሽብር ለመክሰስ የሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ የሚያገለግለው ለአሜሪካ ዜጎችና ለአሜሪካ መንግሥት ሠራተኞች፣ እንዲሁም ለኮንትራክተር ሠራተኞቹ ነው። ኤምባሲ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ ኬንያዊ ከሳሽ መሆን ይችላል። ኃይለ ሥላሴ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ይጠብቅ የነበረው ኬንያዊ ግን አይችልም። ፍንዳታው አንድ ነው፣ ጉዳቱ አንድ ነው፣ ኃላፊው በፍርድ ተለይቷል፤ ካሳው ግን የሟቹን አሠሪ ተከትሎ ሄደ። ይህ ፍትሕ ነው ብሎ ለሟች እናት ማስረዳት የሚችል የሕግ ባለሙያ የለም።

ተመድ ራሱም በጊጊሪ ግቢው ውስጥ በኬንያ ፍርድ ቤት አይከሰስም፤ እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የመብቶችና ያለመከሰስ ስምምነት ከልሎታል። ይኸው ስምምነት ግን በክፍል 29 ድርጅቱ ከግለሰቦች ጋር ለሚኖረው የውልና የካሳ ክርክር ሌላ መፍቻ እንዲያዘጋጅ ያስገድደዋል። ሠራተኞቹ ከአሠሪያቸው ጋር ለሚከራከሩበት ጉዳይ ከሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የተመድ የክርክር ችሎት አለ። ከኒው ዮርክና ከጄኔቫ ሌላ የሚያስችለው በናይሮቢ ነው። ከለላ ሲሰጥ ሌላ በር መከፈት አለበት የሚለው ይህ መርሕ በኤምባሲው ጉዳይ ለኬንያውያኑ አልተሠራላቸውም።

የኢትዮጵያ አንባቢ ከሁለቱ ጉዳዮች ወደ ራሱ ሕግ ሲመለስ ሁለት ቁጥሮችን ማወቅ ይጠቅመዋል። የመጀመሪያው ሁለት ዓመት ነው፤ ከውል ውጭ የሆነ የካሳ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2143 ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌ ልከው፣ «እንስማማለን» ተብለው ሲጠብቁ ይርጋ ያለፈባቸው ብዙ ናቸው። ሽምግልናው ይቀጥል፤ መዝገቡ ግን አስቀድሞ ይከፈት።

ሁለተኛው ቁጥር አንድ ሺህ ነው። ሕጋችን የቁስ ጉዳትን በልኩ ያስከፍላል፤ የሟች ገቢ የቀረባቸው ቤተሰቦች ያንን ያገኛሉ። ለሐዘኑ ራሱ፣ ማለትም ለሕሊና ጉዳት፣ የሚከፈለው ግን በቁጥር 2116 ከአንድ ሺህ ብር ሊበልጥ አይችልም። በ1952 ዓ.ም. አንድ ሺህ ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ አባት፣ ልጁ ገና ገቢ የሌለው ተማሪ ከሆነ፣ ለሐዘኑ የሚወሰንለት አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛለትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ግን ዘፈኑ ለተሰረቀበት ሰው የሞራል ካሳው ከ100,000 ብር እንዳያንስ ይደነግጋል። የዘፋኙ መብት መከበሩ መልካም ነው፤ የአባቱ ሐዘን ከዘፈን ያነሰበት ምክንያት ግን የለም። ቺካጎ ላይ ዳኛው የስድስት ደቂቃ ፍርሃት ለብቻው እንዲመዘን ፈቅደዋል፤ እዚህ ያለ ዳኛ ቢፈልግ እንኳ ጣሪያውን ማለፍ አይችልም። ያንን ቁጥር መቀየር የሚችለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የሚቀየረውም አንድ አንቀጽ ነው።